ጅሬን፦ ጅማን የወለደው ሰፈር

ጅማ ሁለት ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መጀመሪያ በኮረብታ ላይ፣ ቀጥሎ በወንዝ ዳር። የወንዝ ዳሯን ጅማ ሁላችንም እናውቃታለን። መርካቶው፣ መናኸሪያው፣ ባንኩ፣ የቡና መጋዘኑ ያለው በእሷ ነው። የኮረብታው ጅማ ግን ዛሬ ከከተማዋ ቀበሌዎች አንዱ ሆኖ ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ተቀምጧል። ስሙም ጅሬን ነው። ብዙ ሰው በሰፈሩ ስም አይጠራውም፤ ለባጃጅ ሾፌሩ “አባ ጅፋር” ካሉት ሌላ አድራሻ ሳይጠይቅ ዳገቱን ይያያዘዋል።

በዚህ የረመዳን ወር ስለ ጅሬን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዒድ ሲደርስ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለመውጣት የሚያስቡ ወላጆች ብዙ ናቸው። አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ በእንጨቱ ሰገነት ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ ሙዚየም እንዳየ ሰው ይወርዳል፤ በዚያው ያልቃል። ጅሬን ግን ቤት ብቻ አይደለም። ሰው የኖረበት፣ አሁንም የሚኖርበት፣ ከታች ያለችውን ትልቅ ከተማ ያስገኘ ሰፈር ነው። ልጁ “ለምን እዚህ ላይ ሠሩት?” ብሎ ቢጠይቅ ከወላጁ የሚያገኘው መልስ ብዙ ነገር ይወስናል።

መልሱ የሚጀምረው ከመሬቱ አቀማመጥ ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ዝናቧ ብዙ ነው፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ይህ ሁሉ ውኃ ከኮረብቶቹ ወርዶ ከሚሰበሰብባቸው ወንዞች አንዱ ከተማዋን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቃት አዌቱ ነው። አዌቱ በረግረጉ አድርጎ ወደ ቦዬ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ድሮ ሜዳው ረግረግ ይበዛው ነበር፤ በክረምት ለሰውም ለከብትም አይመችም። ከብት ለማርባት፣ እህል ለመዝራት፣ ከወባ ለመራቅ፣ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ለማየት ከፍታው ይሻላል። ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ሜዳውን ቁልቁል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ታሪክ ማንበብ አያስፈልገውም።

ከፍታው ብቻውን ግን ከተማ አይሠራም። ከታች ገበያ ነበር። ስሙ ሂርማታ ይባላል። ዛሬም ሂርማታ መርካቶ እና ሂርማታ መንቲና የሚባሉ ቀበሌዎች ስሙን ይዘውት ይኖራሉ። ከከፋ የሚመጣው መንገድ ወደ ሸዋ የሚያልፈው በዚህ ነበር፤ በሌላ በኩል ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንደር፣ እስከ ምጽዋ የሚዘልቀው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ አለ። ንጉሡ ከላይ፣ ገበያው ከታች፤ በመካከላቸው ሰው በእግሩ ወርዶ በዕለቱ የሚመለስበት ርቀት። የጅማ ጂኦግራፊ በአጭሩ ይኸው ነው።

ይህን አቀማመጥ ወደ መንግሥትነት የለወጠው ሰው ሰና ይባላል። በታሪክ የሚታወቀው ግን በፈረሱ ስም አባ ጅፋር ተብሎ ነው። “ጅፋር” የፈረሱ መጠሪያ ነው፤ “አባ ጅፋር” ማለት የጅፋር ባለቤት እንደ ማለት ነው። በጊቤ አካባቢ ባላባቶች በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው የተለመደ ነበር። ዛሬም ጅማ ውስጥ “አባ” በሚል የሚጀምር ስም ያለው ጎረቤት የሌለው ሰው የለም። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይህን “አባ” የቄስ ማዕረግ እየመሰለው ሲደናገር ማየት የጅማ ሰው የቆየ መዝናኛ ነው።

አንደኛው አባ ጅፋር ከ1822 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1847 ዓ.ም. ገደማ ነገሠ። የተበታተኑትን የጅማ ጎሣዎች በአንድ አስተዳደር ሥር አደረገ፣ መናገሻውን በጅሬን ተከለ፣ እስልምናን ተቀበለ። በዚያው ዘመን በሰሜን በኩል የሊሙ እናርያው አባ ባጊቦ ሳቃን ዋና ከተማ አድርጎ የአካባቢው ኃያል ንጉሥ ነበር። ሁለቱ የተፋለሙት በዋናነት ለንግድ መንገድ ነው። በ1840 ዓ.ም. ገደማ ጅማ ባዲ ፎላ የተባለውን ከፍተኛ ቦታ ከያዘች በኋላ የነጋዴው ጉዞ ወደ ሂርማታ አዘነበለ። ሳቃ እያነሰች፣ ሂርማታ እየሰፋች ሄደች። ዛሬ ሊሙ ገነት የቡና ከተማ ስትሆን ጅማ ትልቅ ከተማ የሆነችበት ምክንያት ከእነዚህ የመንገድ ጦርነቶች ይጀምራል።

እስልምና ወደዚህ አገር የገባው በሠራዊት አይደለም። የገባው በአህያና በበቅሎ ነው፤ ከአሞሌ ጨውና ከጨርቅ ጋር። ጀበርቲ የሚባሉት የሰሜን ሙስሊም ነጋዴዎች ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ተነሥተው ለወራት ተጉዘው ይመጡ ነበር። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት ማለትም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጅማ እና ከጌራ መካከል አስቀድማ እስልምናን የተቀበለችው ጎማ እንደሆነች የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ጎማ ዛሬ አጋሮ የምትገኝበት አገር ነው፤ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ነጋዴው ዕቃውን ሸጦ ክረምቱ እስኪያልፍ መቆየት ነበረበት። ሲቆይ ይሰግዳል፣ ይጾማል፣ ልጅ ያስቀራል። ከነጋዴው ኋላ ሼኹ መጣ፣ ከሼኹ ኋላ ደረሳው መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ ይሏል። በጊቤ መንግሥታት ከውጭ የመጡ ነጋዴዎች ከቤተ መንግሥቱ በማይርቅ ቦታ የሚሰፍሩበት ሰፈር “መንደራ” ይባል ነበር። ሌላ ሰው እንዳይነካቸው በንጉሡ ጥበቃ ሥር ነበሩ፤ ቀረጥም ይከፍላሉ። ዛሬ በጅማ ከተማ ካርታ ላይ መንደራ ቆጪ እና አዌቱ መንደራ የሚባሉ ቀበሌዎች አሉ። መታወቂያው ላይ “መንደራ” ተብሎ የተጻፈለት የጅማ ነዋሪ ያ የድሮ ቃል ኪሱ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ከአንደኛው አባ ጅፋር በኋላ የመጡት ነገሥታት ጅሬንን ሰፈር አደረጉት። አባ ቦቃ የነገሠው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ቢሆንም እስልምናን በማስፋፋት ስሙ ይነሣል። ቀጥሎ የመጣው አባ ጎሞል በደቡብ ምሥራቅ የነበረውን የጋሮን መንግሥት አሸንፎ ታላላቅ ሰዎቹን ጅሬን አምጥቶ አሰፈረ። ይህ ነገር ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ ግን ጅሬን የአንድ ቤተሰብ ግቢ ብቻ ሳይሆን ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው አብሮ የሚኖርበት ቦታ መሆን የጀመረው እንደዚህ ባለው ውሳኔ ነው። የተሸነፈን ሰው አጠገብ ማስፈር ለመጠበቅም ለማላመድም ይጠቅማል። አባ ጎሞል ሁለቱንም ሳያስብ አልቀረም።

አሁን ወደ ላይ ስንወጣ የምናየው ትልቁ የእንጨት ቤት የልጁ የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። ይህ ንጉሥ ጅሬን ተወልዶ በ1870 ዓ.ም. ገደማ ገና በ17 ዓመቱ አካባቢ ዙፋን ላይ ወጣ። ከኋላው እናቱ ጉሚቲ ነበሩ፤ ምክራቸው በቤተ መንግሥቱ ከባድ እንደነበር ይነገርላቸዋል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ኃይላቸው ወደ ደቡብ ሲገፋ ወጣቱ ንጉሥ ጦር ከማንሣት ግብር መክፈልን መረጠ። ዘመኑ 1876 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚህም ጅማ ከአካባቢዋ ብዙ አገሮች ያልተፈቀደላቸውን የውስጥ አስተዳደር ይዛ ከ40 ዓመት በላይ ቆየች። የነፍጠኛ ሠራዊት አልሰፈረባትም፤ ሃይማኖቷን እንደያዘች ቀረች። ዋጋ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። አባ ጅፋር በየዓመቱ ግብር ይልክ ነበር፤ ምኒልክ በኩሎ፣ በወላይታ፣ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ በከፋ ላይ ሲዘምቱ የጅማ ሰው አብሮ ዘምቷል። የአንዱ ሰላም ለጎረቤቱ ሰላም አልሆነም። በጅማ ስንኮራ የከፋን ሰው ሐዘን መርሳት አይገባም፤ ዛሬ ሁለታችንም አንድ ሰፈር ውስጥ ጎረቤት ነን።

ቤቱን እንመልከተው። ግንበኞቹ ድንጋይ ሳይሆን የአገሩን ዛፍ ተጠቀሙ። ወለሉ፣ ምሰሶው፣ ደረጃው፣ የሰገነቱ አጥር በእጅ የተጠረበ እንጨት ነው። የሰገነቱና የመስኮቶቹ አሠራር ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ የመጣ የእጅ ጥበብ እንዳለበት ያሳያል። ነጋዴ ጨርቅ ብቻ ይዞ አይመጣም ማለት ነው። የጅማ እንጨት ጠራቢ እስከ ዛሬ ስሙ ያልጠፋ ባለሙያ ነው፤ ከአንድ ግንድ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ በአያት ቤት ያልተቀመጠበት ሰው ጥቂት ነው።

ግቢው ውስጥ ንጉሡ የሚኖርበት፣ ሰው የሚዳኝበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ቤት ለየብቻው ነበር። መስጊዱም እዚያው ነው። በዙሪያው የንጉሡ ሚስቶች፣ ዘመዶች፣ ሹማምንት፣ ዘበኞች፣ የእጅ ባለሙያዎች ሰፈሩ። ከግቢው በር ወደ ገበያው የሚወርደው መንገድ በቤት የታጀበ ነበር። አስተዳደሩም ከዚሁ ኮረብታ ይዘረጋል። አባ ቆሮ የሚባለው ወረዳ ያስተዳድራል፤ አባ ኬላ በድንበር በር ላይ ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል፤ ነጋድራስ ገበያውን ያስተዳድራል። “ቀበሌ” የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት ጅሬን ይህን ያህል የተደራጀ ሰፈር ነበር።

ለረመዳን አንባቢ ከሁሉ በላይ የሚነገረው የጅሬን እጅ የት ድረስ ይዘረጋ እንደነበር ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከአገሩ ወደ ሐጅ የሚሄዱ ሰዎች የሚያርፉበት ቤት በመካ ነበራቸው። በዚያ ዘመን ከጅማ ተነሥቶ ሐጅ ማድረግ ማለት እስከ ባሕር ዳርቻ በእግርና በበቅሎ ለወራት መጓዝ ነው፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር እንኳ የመጣው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ መካ ገብቶ “የአገሬ ሰው ቤት” የሚለው ጣሪያ ማግኘት ምን ማለት እንደነበር ዛሬ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ሊገምተው ይከብደዋል። ከመካና ከመዲና የተመለሱ ዑለማዎች ደግሞ ኪታብ ይዘው መጡ። በየገጠሩ ደረሳዎች በእንጨት ሉሕ ላይ እየጻፉ ቁርኣን ያጠኑ ነበር። ጅማና አካባቢዋ በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ የዒልም አገር ተብላ መታወቅ የጀመረችው እንዲህ ነው።

አሁን ስለ ቡና እናውራ፤ የጅማ ነገር ያለ ቡና አይሞላምና። ጮጬ የጎማ መንደር ናት፤ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ትላለች፤ የጎረቤት ከፋ ሰው ደግሞ በዚህ አይስማማም። ክርክሩን ለባለጉዳዮቹ እንተወው። የተረጋገጠው ቡና ከእነዚህ የደቡብ ምዕራብ ደኖች የወጣ መሆኑ፣ የመን ደርሶም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሱፊዎች ሌሊቱን ለዚክር ነቅተው ለማሳለፍ ይጠጡት እንደነበር ነው። ስለዚህ ከተራዊሕ በኋላ ጀበናዋን የምታቀርብ የጅማ እናት የምታደርገው አዲስ ነገር አይደለም። በቅቤ ተጠብሶ የሚበላው “ቡና ቀላ” ደግሞ ከዚያም የቆየ ይመስላል።

ነገር ግን በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቡና ገና የገበያው ንጉሥ አልነበረም። በሂርማታ የሚሸጠው የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ማር፣ ቡና ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ከልጆች መሸሸግ አይገባም። በዘመኑ የሂርማታ ገበያ ከደቡብ ምዕራብ የተዘረፉ ሰዎች ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር የሚነዱበት ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ራሱ በብዙ ባሪያዎች ጉልበት ይንቀሳቀስ ነበር። ያን የሚያምር ሰገነት ማን እንደተሸከመው ስንጠይቅ የአንዳንዶቹ ስም በየትኛውም መዝገብ የለም። ባሪያን ነጻ ማውጣት ትልቅ ምንዳ እንዳለው በሚያስተምር ሃይማኖት ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ማፈሩ ተገቢ ነው። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆችም ጅማ ውስጥ አሉ፤ የጅማ ሰዎች ናቸው። በጅሬን ጉብኝት ላይ ስለ ንጉሡ ቁመት ብዙ ይነገራል፤ ስለ እነሱ ቢነገር የሚጎድል ነገር የለም።

የጅሬን መናገሻነት ያበቃው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። አባ ጅፋር አርጅተው ሲደክሙ አገሩን የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ይመራ ጀመር። በ1924 ዓ.ም. የአጼ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አባ ጆቢርን አስሮ ጅማን በቀጥታ በማዕከላዊ አስተዳደር ሥር አደረገ። ሽማግሌው ንጉሥም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ከ100 ዓመት በላይ ወደ ላይ ሲወጣ የነበረው ባለጉዳይ ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው መውረድ ጀመረ።

ሜዳውን ከተማ ያደረገው ግን የጣሊያን ወረራ ነው። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ጅማ ገብተው የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ኮረብታውን ትተው በአዌቱ ዳር ሰፊ ጎዳና ቀየሱ፤ መሥሪያ ቤት፣ መኖሪያ፣ ገበያ ሠሩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የመኪና መንገድም ዘረጉ። ፕላናቸው የፋሺስት ፕላን ነበር፤ የነጮች ሰፈር በአንድ በኩል፣ የአገሬው ሰፈርና ገበያ በሌላ በኩል። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ጅማ ላይ ሰዎች “መርካቶ” እና “ፈረንጅ አራዳ” ሲሉ ሳያውቁት ያንን የከፋፋይ ካርታ ያነባሉ።

ጣሊያኖች ለሙስሊሞች ወዳጅ መስለው ለመታየት ብዙ ጣሩ። ጅማን የእስልምና ትምህርት ማዕከል እናደርጋታለን ብለው የፊቅህ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አባ ጆቢርንም ሱልጣን ብለው ሾሙ። አንዳንድ አዛውንት ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ይህን በበጎ ያነሡታል፤ ለምን እንደሚያነሡት መረዳትም አይከብድም፤ ከዚያ በፊት ማንም አልሰጣቸውምና። ነገር ግን መስጊድ በአንድ እጁ የሚሠራው መንግሥት በሌላ እጁ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም “ከነጭ ሰፈር ውጣ” ይል ነበር። በሊቢያ የሙስሊም ሕዝብን በበረሃ ካምፕ ያጎረውም ያው መንግሥት ነው። ዓላማው ኢትዮጵያውያንን መከፋፈል ነበር። በ1933 ዓ.ም. ሰኔ ወር ጅማ ነጻ ስትወጣ ጎዳናውና ሕንፃው ቀረ።

ከነጻነት በኋላ ተራው የቡና ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ፣ ማና፣ ሰቃ የለቃሚና የነጋዴ አገር ሆኑ። ከጉራጌ፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ሰው መጣ። ቡናው ከየከተማው ተጭኖ ጅማ ይራገፋል፤ ገንዘቡም ጅማ ላይ ይቆያል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ በፈረንጆች 1965 ስለ ጅማ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ የጅማን ገበያ የመላው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታላቅ ገበያ ብሎታል። በበጋ ወራት ደህና ቀን ሲሆን እስከ 30,000 ሰው ይገኝበት እንደነበርም ጽፏል። ይህ ቁጥር የዚያን ጊዜ ከነበሩት የብዙ ከተሞች ሕዝብ ይበልጣል።

የመጣው ሰው ሃይማኖቱንም ቋንቋውንም ይዞ መጣ። ለዚህ ነው ጅማ ከዙሪያዋ ጋር የማትመሳሰለው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጅማ ከተማ ነዋሪ 120,960 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 46.84 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 39.03 በመቶው ሙስሊም፣ 13 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ናቸው። በዙሪያዋ ባለው የጅማ ዞን ግን ከ100 ሰው 85ቱ ሙስሊም ነው። በሙስሊም ንጉሥ የተቆረቆረች፣ በሙስሊም ገጠር የተከበበች ከተማ ውስጥ ሙስሊሙ ከግማሽ በታች ነው ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ሂርማታ ከመጀመሪያውም የሁሉም ገበያ እንደነበረች ላስታወሰ ግን የሚገርም አይደለም። በረመዳን የሳምቡሳው ሽታ የሚደርሰው ጾመኛው ቤት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅም ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሳህኑም አጥር ይሻገራል።

ከተማዋ ወደ ታች ስትሰፋ ጅሬን ጸጥ አለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅና ቀበሌዎች ሲቋቋሙ የንጉሥ መናገሻ የነበረው ኮረብታ ከሌሎቹ ጋር እኩል አንድ ቀበሌ ሆነ። ቤተ መንግሥቱ ለረጅም ጊዜ ዝናብና ምስጥ ተጫውተውበታል። በቅርብ ዓመታት የእድሳት ሥራ ተሠርቶለት ጎብኚ እየበዛ ነው። የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች ብዙዎቹ የሚታዩት ከላይ ሳይሆን ከታች፣ በከተማው ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም ነው። ልጆችን ይዞ ጅሬን ወጥቶ “ዙፋኑ የታል?” የሚባልበት ጊዜ ስላለ ቀድሞ ማወቁ ጥሩ ነው።

ይህ ጸሐፊ የሚያሳስበው የቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤቱ አሁን ጠባቂ አለው። ዙሪያው ያለው ሰፈር ግን ጠባቂው ነዋሪው ብቻ ነው። በድሮው ጅሬን ግቢ ማለት ቡናው፣ እንሰቱ፣ ፍራፍሬው፣ ጥላ የሚሰጠው ትልቅ ዛፍ አንድ ላይ ያለበት ነው። እንዲህ ያለው ግቢ ለልጆች ሲከፋፈል፣ ሲሸጥ፣ የብሎኬት አጥር ሲገባበት ዛፉ መጀመሪያ ይሄዳል። ወጣቱ ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህን ማንም አይከለክለውም። ይሁን እንጂ የትኛው መሬት የማን መኖሪያ እንደነበር፣ የትኛው መንገድ ወደ ገበያው የሚወርደው የድሮው መንገድ እንደሆነ፣ ከየት አገር የመጣ ቤተሰብ የት እንደሰፈረ የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው። የጋሮ ሰዎች የሰፈሩበትን ቦታ ከግንቡ ላይ ማንበብ አይቻልም። ከሰው ነው የሚሰማው።

ስለዚህ ዘንድሮ ወደ ላይ ለሚወጡ ቤተሰቦች ጥቂት ነገር እንጠቁም። ከዒድ ቀን ግርግር ይልቅ ማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ይሻላል፤ ልጆችም ይረጋጋሉ። በረመዳን የሚሄድ ከዐስር ሰላት በኋላ ሲቀዘቅዝ ቢወጣ፣ መግሪብ ሳይደርስ ግን ቢወርድ ለሾፌሩም ጾም ማሰብ ነው። በግቢው ያለው መስጊድ ሙዚየም አይደለም፤ ዛሬም ይሰገድበታል። ልጆች ጫማ አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይግቡ፤ የሚሰግድ ሰው ፊት ስልክ አይደቀን። ውዱእ ካላቸው ደግሞ ሁለት ረከዓ መስገድ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል።

ከዚያ ወደ ሰገነቱ ስትወጡ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ቁልቁል አሳዩአቸው። አዌቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ መርካቶው የት እንዳለ፣ የአጋሮ መንገድ ወደ ምዕራብ፣ የአዲስ አበባው መንገድ ወደ ምሥራቅ እንዴት እንደሚሄድ በጣት ይጠቆማል። በዚያ ሜዳ ላይ ጀበርቲው ከነአህያው ሲደርስ፣ ሰው ታስሮ ሲነዳ፣ ሐጅ አድራጊው ሲሰናበት፣ የጣሊያን መኪና ሲገባ ሁሉም ከዚህ ቦታ ላይ ይታይ ነበር። በሰፈሩ የቆዩ አባት ወይም እናት ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ልጁም ስልኩን ለዚህ ይጠቀምበት፤ ድምፃቸውን ከፈቀዱ ይቅዳው። ስማቸው ማን እንደሆነ፣ አያታቸው ከየት እንደመጡ፣ በልጅነታቸው ሱሑር ላይ ማን ይቀሰቅሳቸው እንደነበር።

ጉልበት ያለው ቤተሰብ ሲመለስ ባጃጁን ትቶ በእግሩ ይውረድ። ቁልቁለት ስለሆነ ልጅም ይችለዋል። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሐሙስ የሂርማታ የገበያ ቀን ነው።